«ግዙልኝ» ማለት ለሚያበዛ ልጅ ምን ይደረግለታል?

ልጅን ይዞ ገበያ መውጣት ለወላጅ ደስታም ፈተናም ነው። ደስታነቱ ልጁ የሰውን ኑሮ፣ የዕቃውን ዓይነትና የገንዘብን ዋጋ በዓይኑ እያየ ስለሚማር ነው፤ ፈተናነቱ ግን ዓይኑ ያየውን ሁሉ እጄ ካልጨበጠው ስለሚል ነው። እናት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስለ ሽንኩርትና ስለ ቅቤ ዋጋ ስትከራከር፣ ልጅ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ «እማዬ፣ ግዢልኝ» ማለት ይጀምራል። ፊኛ ሲያይ ፊኛ፣ ኳስ ሲያይ ኳስ ያምረዋል፤ ሱቅ በደረቴ ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር ማስቲካና ከረሜላ ይለምናል። ይህ በልጅ ሁሉ ዘንድ ያለ ጠባይ ስለ ሆነ ማንም አይደነቅበትም።

ነገር ግን ከልጆች መካከል ልመናው የማያልቅ፣ «ዛሬ አይሆንም» የተባለውን ቃል ሰምቶ ሳይጨርስ ሌላ የሚጠይቅ፣ እምቢ ሲሉት መሬት ላይ ተንከባሎ የሚጮህ፣ የገዙለትንም ዕቃ ከቤት ሳይደርስ ጥሎ ሌላ የሚመኝ ልጅ አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ መንገደኛው አይቶ «አሳዳጊ የበደለው» ይለዋል፤ እናቱንም ከእግር እስከ ራሷ ይመለከታታል። እርሷም በዕፍረት ተጨንቃ ከሁለት ነገር አንዱን ታደርጋለች፤ ወይ ለዘይት ያሰበችውን ገንዘብ አውጥታ ትገዛለታለች፣ ወይ በሰው ፊት ትመታዋለች። የመጀመሪያው ቤቱን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ልጁን ይጎዳል፤ ሁለቱም በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመጣውን ልመና አያስቀሩም።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን እንዲህ ያለ ልጅ ላለው ወላጅ ይጠቅማል ያልነውን እንናገራለን። የምንለውም በአጭሩ ይህ ነው፤ ከዚህ ልጅ ጋራ የሚደረገው ክርክር መጨረስ የሚገባው ከቤት ሳይወጡ ነው፤ በገበያ መካከል የወላጅ ሥራ አስቀድሞ የተናገረውን ቃል መጠበቅ ብቻ ነው።

ወደ ምክሩ ከመግባታችን በፊት አንባቢ የነገሩን ሥር ቢያውቅ መልካም ነው። ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት፣ በአማርኛችንም የትኩረት ማነስና ያለ ልክ የመቅበጥበጥ ችግር የምንለው፣ ከአእምሮ ዕድገት ጋራ የተያያዘ ሕመም አለ። ይህ ሕመም ያለበት ልጅ ሐሳቡን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ይቸግረዋል፤ ተራውን መጠበቅ ይከብደዋል፤ ሳያስብ ይናገራል፤ ሳያስብ ይነካል። ነገሩ ትናንት የተገኘ አይደለም። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳባቸው ስለማይረጋ ሰዎች ጽፏል። በ1902 ደግሞ ጆርጅ ስቲል የተባለው የሕፃናት ሐኪም በለንደን ለሐኪሞች ባሰማው ንግግር፣ ዕውቀት ሳይጎድላቸው ራሳቸውን መግታት ስላቃታቸው ልጆች ተናገረ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ሕመሙን በ1980 «የትኩረት ማነስ» ብሎ በመዝገቡ ከጻፈው በኋላ በ1987 አሁን የሚጠራበትን ስም ሰጠው። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉት ምርመራዎች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ከ100 ልጆች ውስጥ 5 ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል።

መንስኤውንም በተመለከተ፣ በመንታ ልጆች ላይ የተደረገው ምርመራ እንደሚያስረዳው ከዘር የሚወረሰው ክፍል ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ባለበት ቤት፣ በልጅነቱ እንደዚሁ ቅብጥብጥ የነበረ አባት ወይም አጎት ይገኛል። በ2007 የአሜሪካ የአእምሮ ጤና ምርምር ተቋም ሊቃውንት የልጆችን አንጎል በመሣሪያ እያነሡ በመረመሩ ጊዜ፣ ሌሎች ልጆች በ7 ዓመት ተኩል ገደማ የሚደርሱበትን የአንጎል ቅርፊት ውፍረት እነዚህ ልጆች የሚደርሱበት በ10 ዓመት ተኩል ገደማ መሆኑን አገኙ። መዘግየቱም የበረታው ሐሳብን በሚመራውና ስሜትን በሚገታው በፊተኛው ክፍል ነው። እንግዲህ ወላጅ ይህን ቢያስብ ከ9 ዓመት ልጁ የሚጠብቀውን ትዕግሥት በልክ ያደርገዋል። በቁመቱና በንግግሩ ትልቅ የሚመስለው ልጅ፣ ምኞቱን በመግታት በኩል ገና ትንሽ ሊሆን ይችላል። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው እንደ ተባለ፣ ይህን ልጅ መውደድም ከነመቅበጥበጡ ነው።

ገበያ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከቦታዎች ሁሉ የሚከብደው ነው። በመርካቶም ሆነ በሾላ ገበያ ዕቃው የሚዘረጋው ዓይን እንዲስብ ነው፤ ነጋዴውም የሚጣራው ጆሮ እንዲይዝ ነው። በሱፐርማርኬትም ብንሄድ ከረሜላውና ቸኮላቱ የሚደረደረው ብዙ ጊዜ ከገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ፣ በልጅ ዓይን ትክክል፣ ሰልፍ በሚያዝበት ቦታ ነው። ዓይን የሚስብ ነገርና መጠበቅ በአንድነት በሚገናኙበት በዚያ ቦታ የሕመሙ ሁለት ድካሞች አብረው ይፈተናሉ። የእንግሊዙ የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድመንድ ሶኑጋ-ባርክ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እንዳስረዳው፣ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው ራሱ መጠበቁ ስለ ሆነ፣ ቆይቶ ከሚመጣው ትልቅ ነገር ይልቅ አሁን የሚገኘውን ትንሹን ይመርጣሉ።

በሌሎች ልጆችም ቢሆን ዓይን ያየውን መተው ቀላል አይደለም። ዋልተር ሚሼል የተባለው ሊቅ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሕፃናትን ጣፋጭ ነገር አስቀምጦላቸው፣ ከታገሡ የተሻለ እንደሚያገኙ በመንገር ሞክሯቸው ነበር። ጣፋጩ በፊታቸው ተገልጦ ሲቀመጥ ቶሎ ተሸነፉ፤ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ወይም ሐሳባቸው ወደ ሌላ ነገር ሲወሰድ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ታገሡ። ከዚህ የምንማረው ልጅን «ቻል» ብሎ ከመቆጣት ይልቅ ዓይኑንና ሐሳቡን ወደ ሌላ ሥራ ማዞር እንደሚሻል ነው።

አሁን ደግሞ ወላጅ ሳያውቅ ልመናውን የሚያጠነክርበትን መንገድ እንይ። እናት ሦስት ጊዜ «አይሆንም» ብላ በአራተኛው ለቅሶ ጊዜ ብትገዛለት፣ ልጁ የተማረው ሦስቱን እምቢታ አይደለም፤ የተማረው አራት ጊዜ ማልቀስ እንደሚያስፈልግ ነው። ፈርስተርና ስኪነር የተባሉት አሜሪካውያን በ1957 ባሳተሙት ሥራ በእርግብ ላይ ባደረጉት ሙከራ እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚገኝ ዋጋ ሁልጊዜ ከሚገኝ ዋጋ ይልቅ ልማድን ያጸናል። ጄራልድ ፓተርሰን የተባለው ሊቅም በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩ በቤተሰብ መካከል እንዴት እንደሚሠራ ገለጠ። ልጅ በጩኸት ዕቃ ማግኘትን ይማራል፤ እናትም በመግዛት ጸጥታ ማግኘትን ትማራለች፤ እንዲህ እያሉ አንዱ ሌላውን ያሠለጥናል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጩኸቱ ሳይነሣ መድረስ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ምክር ወላጆችን በማሠልጠን ከሚታወቀው ሕክምና ጋራ የተስማማ፣ ለአገራችንም ኑሮ የሚመች ነው።

አንደኛ፤ ከቤት ሳትወጡ ቃላችሁን ለልጁ ንገሩት። ልጁ ተርቦ ወይም እንቅልፍ ሳይጠግብ አይውጣ። ከዚያ በኋላ ዝቅ ብላችሁ፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ፣ ወዴት እንደምትሄዱ፣ ምን እንደምትገዙና ለእርሱ ምን እንደሚደርሰው በጥቂት ቃል አስረዱት። ለምሳሌ እናት እንዲህ ትበለው፤ «አሁን ገበያ እንሄዳለን። የምንገዛው ሽንኩርት፣ ዘይትና ሳሙና ነው። ለአንተ አንድ ብስኩት ይገዛልሃል፤ የምትመርጠው አንተ ነህ፤ የምንገዛውም ሌላውን ከጨረስን በኋላ ነው። ከእርሱ በቀር ዛሬ ሌላ አንገዛም።» ከዚያም ልጁ ራሱ መልሶ ይንገራት። ምንም የማይገዛለት ቀን ከሆነም ይህንኑ በግልጥ ትንገረው። «እስቲ እናያለን» ማለት ግን አይጠቅምም፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ይህ ቃል «እሺ» ማለት ነውና።

ሁለተኛ፤ ለልጁ ሥራ ስጡት። ማንበብ የሚችል ከሆነ የሚገዛው ዕቃ የተጻፈበትን ወረቀት ይያዝ፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ የሽንኩርትና የሳሙና ሥዕል ይሣልለት፤ የተገዛውንም በእርሳስ ይሰርዝ። ድንቹን ይቁጠር፤ ቀለል ያለውን ፌስታል ይሸከም፤ ሳሙናው ያለበትን መደርደሪያ ይፈልግ። እጁ ሥራ የያዘ ልጅ ዓይኑ ብዙ አይቅበዘበዝም። እናቱን የረዳ መሆኑም ራሱን እንዲያከብር ያደርገዋል፤ ይህ ልጅ በየቀኑ ተግሣጽ እንጂ ምስጋና የማያገኝ ስለ ሆነ ክብሩ እጅግ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፤ ሲለምን መልሳችሁ አጭርና አንድ ዓይነት ይሁን። «አዎ፣ ኳሱ ያምራል፤ ዛሬ ግን ብስኩት ነው ያልነው» ብላችሁ እለፉ። ስለ ገንዘብ ማነስ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ወንድሙ ጫማ ረጅም ንግግር ብታደርጉለት ክርክር መክፈታችሁ ነው፤ ለአፍ ዳገት የለውምና ልጁ ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ ያገኝለታል። ይልቁንም ትንሽ ደብተር ይዛችሁ የተመኘውን ነገር በፊቱ ጻፉለት፤ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለገና ከዚያ ውስጥ አንዱ እንደሚመረጥ ንገሩት። በተባለው ቀንም ደብተሩ በእውነት ይከፈት። ያን ጊዜ ልጁ ከጻፋቸው ምኞቶች ብዙዎቹ የተረሱ መሆናቸውን ራሱ አይቶ ሊደነቅ ይችላል። ምኞት እንደሚመጣ ሁሉ እንደሚያልፍ የሚማረው በዚህ ነው።

አራተኛ፤ መልካም ሲያደርግ ወዲያው አመስግኑት። ይህ ልጅ ማታ የሚነገረውን ምስጋና ከጧቱ ሥራው ጋራ ማገናኘት ይቸግረዋል። ስለዚህ ፊኛውን አይቶ ዝም ብሎ ካለፈ እዚያው «አይተህ አለፍከው፤ ጎበዝ የኔ ልጅ» ይባል። ሳይለምን ላለፈው ለእያንዳንዱ ሱቅ አንድ ቆርኪ በኪሱ ብትጨምሩለት፣ አምስት ሲሞላ ደግሞ ከቤት ስትደርሱ አብራችሁት ኳስ ብትጫወቱ ወይም ተረት ብትነግሩት፣ ዋጋው ገንዘብ ሳያስወጣ ይከፈላል።

አምስተኛ፤ ቍጣው ከተነሣ በቍጣ አትመልሱለት፤ አትግዙለትም። እናት አጠገቧ ላለችው ነጋዴ «እትዬ፣ ዘንቢሌን አንድ ጊዜ ይያዙልኝ» ብላ ልጁን ይዛ ጸጥ ወዳለ ጥግ ፈቀቅ ትበል። በዚያም ብዙ ሳትናገር፣ ሰውነቱን ከአደጋ እየጠበቀች፣ እስኪረጋ ድረስ ትቆይ። መንገደኛ ቢያይ ይይ፤ የዛሬው ዕፍረት የነገውን ዕረፍት ያመጣል። ነገር ግን ወላጅ አስቀድሞ ይወቅ፤ ጩኸት ማስገዛት ባቆመበት በመጀመሪያው ሰሞን ልመናው ከመቀነሱ በፊት ይብስበታል። ልጁ የቀድሞው መንገድ ለምን እንደ ተዘጋ እየፈተነ ነው። በዚህ ሰዓት ተሸንፎ የገዛ ሰው፣ ልጁን ከፊተኛው ይልቅ አጥብቆ መጮህን ያስተምረዋል። ዱላም ቢሆን መፍትሔ አይሆንም፤ የተመታ ልጅ ለጊዜው ዝም ቢልም ራሱን መግታትን አልተማረም፤ የተማረው ፍርሃትን ነው።

ስድስተኛ፤ ከፍ ላለው ልጅ ጥቂት የራሱ ገንዘብ በየሳምንቱ ይሰጠው። ከእርሷ በላይ አይጨመርለትም፤ ዛሬ ማስቲካ ቢገዛባት ሳምንቱን ባዶ እጁን ይቆያል፤ ቢያስቀምጣት ግን ከፍ ያለውን ነገር ይደርስባታል። «ግዢልኝ» የሚለውን ቃል «ገንዘቤ ይበቃል ወይ?» ወደሚል ጥያቄ የሚለውጠው ይህ ነው። አራት ሳምንት መጠበቅ ስለሚከብደው ግን በመጀመሪያ በሁለትና በሦስት ቀን የሚደርስበት ነገር ይመረጥለት።

ሰባተኛ፤ የቤቱ ቃል አንድ ይሁን። እናት በቀን የከለከለችውን አባት ማታ ይዞ ቢገባ፣ ወይም እንግዳ «ከረሜላ ግዛበት» ብሎ በስውር ቢሰጠው፣ የቀኑ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ደግ ነጋዴም የልጅ ለቅሶ አይችልምና ብዙ ጊዜ ከረሜላ ዘርጋ ያደርጋል። ለእርሱ በትሕትና «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ግን ከልጁ ጋራ ቃል ስለ ተጋባን ለሌላ ጊዜ ይቆይልን» ማለት ይገባል። በበዓል ዋዜማ ሰው በሚተራመስበት ቀን ደግሞ ልጁን ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ጋራ ትቶ መሄድ ነውር የለበትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ወላጅ የሰጠውን ተስፋ ይፈጽም። ቃል የእምነት ዕዳ ነው የሚለው የአባቶች አነጋገር በዚህ ነገር በምርመራ ጭምር ተደግፏል። በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ 28 ሕፃናትን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን የተሻለ የሥዕል መሣሪያ እናመጣለን ብለው አመጡላቸው፤ ለሁለተኛው ወገን ተስፋ ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በጣፋጭ ሲፈትኗቸው፣ ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ የተታለሉት ግን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ። ይህ በ2013 ታትሞ ወጣ። ሙከራው የተደረገው በማናቸውም ልጆች ላይ እንጂ ይህ ሕመም ባለባቸው ለይቶ አይደለም፤ ቢሆንም ለሁሉ የሚበቃ ትምህርት አለው። «ቆይ በኋላ» ሲባል ኖሮ በኋላ ያልተገዛለት ልጅ፣ አሁኑኑ ካልሆነ ቢል የሚፈረድበት ምን አለ?

አንዳንድ ሰዎች ልጁን የሚያቅበጠብጠው ስኳር ነው ይላሉ። በ1995 ብዙ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲመረመሩ ግን ስኳር የልጆችን ጠባይ ሲለውጥ አልታየም። ከረሜላን የምንቀንሰው ለጥርሱና ለጤናው ብለን ይሁን።

ደግሞም ብዙ የሚለምን ልጅ ሁሉ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። ሐኪም ስሙን የሚሰጠው ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት የጀመረ፣ ቢያንስ ለ6 ወር የቆየ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ ማለት ቢያንስ በሁለት ቦታ የታየ፣ ኑሮውንና ትምህርቱንም የሚያውክ ሲሆን ነው። እንዲህ ከሆነ ወላጅ መምህሩን ጠይቆ፣ በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ልጁን ይውሰደው፤ ከዚያም ወደ አእምሮ ሐኪም ይላካል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር አስቀድሞ የሚያዝዘው የወላጅን ሥልጠና ነው፤ ከፍ ላሉት እንደ ሜቲልፌኒዴት ያለ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህም በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ብቻ ነው። ልጁን ወደ ጸበል የሚወስድ ቤተሰብም ሐኪሙን አይተው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና።

ጎረቤትና መንገደኛም በዚህ ነገር ድርሻ አለው። በገበያ መካከል የሚጮህ ልጅና የምትጨነቅ እናት ባየ ጊዜ በፍርድ ዓይን ከማየት ይልቅ ዘንቢሉን ቢያነሣላት፣ መንገዱን ቢለቅላት፣ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። «ባለጌ» ሲባል ያደገ ልጅ ስሙን አምኖ ይቀበላል፤ ከጊዜ በኋላም በስሙ መኖር ይጀምራል። «ዛሬ ቃልህን ጠበቅህ» የተባለ ልጅ ግን ቃል ጠባቂ መሆንን ይለምዳል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መፈጸም አይቻልም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በሚመጣው ሳምንት ቸኩላችሁ ወደማትገዙበት፣ ሰውም ወደማይበዛበት አንድ ትንሽ ሱቅ ልጁን ይዛችሁ ለ10 ደቂቃ ብቻ ሂዱ። ከቤት ስትወጡ አንድ ነገር ተስማሙ፤ የተስማማችሁትን ግዙ፤ ሌላ አትግዙ፤ ሳይጮህም ተመለሱ። በሚቀጥለው ጊዜ 20 ደቂቃ ይሁን። የመርካቶው ቀን በዚህ ልምምድ ላይ ቆይቶ ይደርሳል።